ታብሌቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ባቄላው

ጥያቄው የመጣው ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ከሚያስተምሩ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስፍረው፦

«የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን 15 ታብሌት ላኩልን። ርዕሰ መምህሩ ‹ከእንግዲህ ሳይንስ በቴክኖሎጂ ነው› ብለዋል። የትኞቹን አፖችና ቪዲዮዎች ልጫንባቸው? በተግባር ለማስተማር ስሞክር ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ወላጆች ደግሞ ‹ልጆቹ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት፣ ደብተራቸው ባዶ ነው› ይላሉ። ሌላም አለኝ። ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ሻማ አብርቼ ብርጭቆ ስደፋበት ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ወጣ። ‹ኦክስጅኑ ስላለቀ ነው› አልኳቸው። ልክ ነኝ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አጭር መልስ ያለው እሱ ነው። ልክ አይደሉም። ማብራሪያው በየመጽሐፉና በየቪዲዮው ስለተደጋገመ እውነት ይመስላል። ሻማው እየነደደ ሳለ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ይለጠጣል። ከፊሉ በብርጭቆው አፍ ሥር አረፋ እየሠራ ያመልጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል። ያኔ የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ኦክስጅኑም ቢሆን አላለቀም። ነበልባሉ የሚጠፋው ብርጭቆው ውስጥ ገና ብዙ ኦክስጅን እያለ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ በአንድ ሻማ ፋንታ ሦስት አድርገው ይሞክሩት። የብርጭቆው ኦክስጅን ያው ነው፤ ውሃው ግን ከቅድሙ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ውሃው በብዛት የሚገባው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው።

ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ስለ አየር ግፊት መተንተን አያስፈልግም። «ሦስት ሻማ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ፣ እጅ ማስወጣት፣ ከዚያ ማሳየት ይበቃል። ሻማውን የሚለኩሱት ግን እርስዎ ብቻ ይሁኑ።

አሁን ወደ ታብሌቱ። የትኛውን አፕ ልጫን ለሚለው መልሴ «ለጊዜው ምንም» ነው። ካሜራው ይበቃዎታል።

ምክንያቴ አንድ አይደለም። 15 ታብሌት ለ58 ልጅ ሲካፈል አንዱ ለአራት ልጅ ይደርሳል። አንዱ ይነካል፣ አንዱ «እኔም እኔም» ይላል፣ የቀሩት ሁለቱ በመስኮት ያያሉ። የፕላዝማ ትምህርት የደረሰበት ሰው ደግሞ የቀረውን ያውቀዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ስክሪኑ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ ይቀየራል። የክፍሉ መምህር ማስቆም አይችልም። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርትም አብሮ ይሄዳል። ታብሌት ቢያንስ ማስቆም ይቻላል፤ ግን መምህሩን ከጥያቄው አርቆ የማሽን ጠባቂ የማድረግ ጠባዩ ያው ነው።

ከዚህ የሚብሰው የይዘቱ ነገር ነው። በነፃ የሚገኙት የሕፃናት ሳይንስ አፖች አብዛኞቹ ለሌላ አገር ልጅ የተሠሩ ናቸው። ወቅት ሲሉ በረዶና የሚረግፍ ቅጠል ያሳያሉ። የእርስዎ ልጆች የሚያውቁት ክረምትና በጋን ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለ ሰው የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ። ለአውሮፓ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እውነት ነው። ለጎንደር ልጅ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ስሕተት ነው። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ቀትር ላይ ከከተማችሁ በስተሰሜን ታልፋለች፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ፣ 58ቱም ልጆች በአንድ ጊዜ የሚሠሩት፣ ማንም አፕ የማይሰጣችሁ ትምህርት ይህ ነው። ግቢው ውስጥ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ዱላ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ። ድንጋዩ ላይ ቀኑን ይጻፉ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን 73 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ እያጠረ፣ እያጠረ ይመጣል። ሚያዝያ 15 ገደማ ዱላው ቀትር ላይ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ያንን ቀን እንዲገምቱ ያድርጉ፤ በውርርድ ነው የሚጠብቁት። ግንቦት ላይ ጥላው በሌላው በኩል ብቅ ይላል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ደመናው ከፈቀደ ወደ ደቡብ 19 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀትር ስል ልክ 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የሚከተለው ከጎንደር በስተምሥራቅ ያለውን የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ እናንተ ጋ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የጠዋት ፈረቃ ከሆኑ ልጆቹ ወደ ቤት ሊለቀቁ ሲሉ ማለት ነው።

የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህ ለምን እንደሚሆን ላይገባው ይችላል። ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን እንደምትዞር ሌላ ጊዜ ይማራል። አሁን የሚያገኘው አንድ ነገር ነው፦ በዓይኑ ያየው፣ በድንጋይ ምልክት ያደረገው ነገር ሥርዓት እንዳለው። ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታብሌቱ ታዲያ ምን ሊሠራ? ዓይንና እጅ የማይደርሱበትን። በጣም ዝግ ብሎ የሚሆነውን ያፈጥናል፣ በጣም የሚፈጥነውን ያዘገያል፣ ሩቅ ያለውን ያመጣል። ባቄላ የሚበቅልበትን ሃይላንድ (አሠራሩን ወደ ታች እነግርዎታለሁ) አንድ ቦታ ላይ አስቀምጠው በየጠዋቱ ከተመሳሳይ ቦታ ፎቶ ያንሱት። ከአሥር ቀን በኋላ ፎቶዎቹን በጣት ሲያሳልፏቸው ሥሩ ሲወርድ፣ ግንዱ ሲነሣ በሴኮንዶች ውስጥ ይታያል። የሌላ አገር ባቄላ አይደለም፤ የራሳቸው ነው። የፌንጣን ዝላይ ወይም የውሃን ጠብታ በዝግታ መቅጃው ይቅረጹት። ስለ እሳተ ገሞራ ሲያስተምሩ የኤርታ አሌን ቪዲዮ ያሳዩ። ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ የሰማይ ካርታ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ማታ ምን ኮከብ ፈልገው እንደሚመጡ ቀን ላይ ማሳየት ይችላሉ። በዚህ ይብቃ።

እሳተ ገሞራን ካነሣን፣ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ የሚሠራውን «እሳተ ገሞራ» ይተዉት። አረፋው ደስ ይላል። ግን እውነተኛው እሳተ ገሞራ በአቼቶ አይፈነዳም፤ ልጁ ይዞ የሚሄደው የተሳሳተ ነገር ነው። ዕቃው ካለ ለሌላ ይጠቀሙበት። ሃይላንድ ውስጥ አቼቶ፣ ፊኛ ውስጥ ሶዳ ያድርጉ። ፊኛውን አፉ ላይ አጥልቀው ሶዳውን ሲያራግፉት ፊኛው ይነፋል። በማግስቱ ደግሞ ከቤት እርሾ የገባበት የጤፍ ሊጥ ያስመጡ። ሌላ ሃይላንድ ውስጥ እስከ ግማሽ ይጨምሩና በላዩ ፊኛ ያጥልቁ። የጎንደር አየር ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይ ያድርጉት፤ ጊዜም ይስጡት። ይህም ፊኛውን ያነሣዋል። «እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቤታቸው ሄደው እናታቸውን ይጠይቃሉ፤ እናትየውም ልጇ ምን እየተማረ እንደሆነ ታያለች።

ሌላው የተሳሳተ አስተሳሰብ በተግባር ማስተማርን የተመለከተ ነው። ልጅ ዕቃ ስለነካ ተማረ ማለት አይደለም። ሳይገምት የነካው ነገር ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ በዚህ ወላጆቹ እውነት አላቸው። መገመት አለበት፣ ማየት አለበት፣ ከዚያ ለምን ግምቱ እንደተሳካ ወይም እንዳልተሳካ መናገር አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ዋጋ የለውም።

ስለ መስመጥና መንሳፈፍ እንውሰድ። ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል «ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል» ብለው ያስባሉ። ባልዲ ውሃ አምጥተው ዝም ብለው ቢለቋቸው ይህንኑ አረጋግጠው ይመለሳሉ፤ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ቅጠል ይጥላሉ፣ አለቀ። ሐሳቡ የሚናወጠው እርስዎ በመረጡት ዕቃ ነው። አንዲት ትንሽ ምስማርና አንድ ትልቅ የእንጨት ጉማጅ ያቅርቡ። ማን ይሰምጣል? ከዚያ ብርቱካን። ከነልጣጩ ይንሳፈፋል፤ ልጠው ሲጥሉት ይሰምጣል። ቀለለ እኮ፣ ለምን ሰመጠ? እዚህ ጋ ክፍሉ ፀጥ ይላል። ልጣጩ ውስጥ ብዙ አየር አለ። ቀጥሎ ሸክላ። ጎንደር ወለቃን የመሰለ የሸክላ መንደር ከአፍንጫዋ ሥር ስላላት ጭቃው አይቸግርም። የተድበለበለው ጭቃ ይሰምጣል። ያንኑ ጭቃ ስስ ጎድጓዳ ሳህን አድርገው ሲሠሩት ይንሳፈፋል። ጎርጎራ ሄዶ የደንገል ታንኳ ያየ ልጅ ካለ እንዲናገር ይፍቀዱለት።

ከዚህ በኋላ ግን ማብራሪያውን እርስዎ ይናገሩ። «ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት» የሚለው ምክር ብዙ መምህር አሳስቷል። ልጅ በራሱ ብዙ ነገር ያገኛል፤ የተሳሳተውንም ጭምር። ምድር ክብ መሆኗን፣ በዓይን የማይታይ ጀርም መኖሩን፣ ልብ ደም እንደምትረጭ ማንም ልጅ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ አይደርስበትም። ይህ የተግባር ትምህርት ወሰን ነው። እዚያ ሲደርሱ መንገር፣ ሥዕል ማሳየት፣ ቪዲዮ ማጫወት ትክክለኛው መንገድ ነው።

ክፍሉ ገበያ የሚሆነው ልጆቹ ስለሚንጫጩ ብቻ አይደለም። ዕቃው ከጥያቄው በፊት ስለሚታደል ነው። ጠረጴዛ ላይ ውሃና ፊኛ ያየ የስምንት ዓመት ልጅ መምህር አይሰማም፤ እኔም ብሆን አልሰማም። ስለዚህ ዕቃው በካርቶን ተሸፍኖ እርስዎ ጋ ይቆይ። የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ለጥያቄውና ለግምቱ ይስጡ። «ይሰምጣል የምትሉ እጅ አውጡ» ብለው ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይጻፉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግምቱ ከተጻፈ በኋላ ልጁ ውጤቱን ለማየት ይጓጓል። ከዚያ ስድስት ስድስት ሆነው ይቀመጡ። ከየቡድኑ አንድ ዕቃ አምጪ ብቻ ይነሣ። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይብለጥ። ማቆሚያ ምልክት ይኑርዎት፤ ሦስት ጭብጨባ በቂ ነው። ምልክቱን ያለ ዕቃ አስቀድመው ያለማምዷቸው። ለ58 ልጅ የሚሆን ውሃ ማመላለስ ካልተቻለ ደግሞ አይጨነቁ። ባልዲው ፊት ለፊት ሆኖ ሁሉም ገምቶ፣ ጥቂት ልጆች ወጥተው ቢሠሩት ከመጥፎ የቡድን ሥራ ይሻላል።

የወላጆቹ ቅሬታ መፍትሔው ደብተሩ ላይ ነው። ልጁ በአንድ ገጽ ሁለት ሥዕል ይሣል፦ ከላይ የገመተውን፣ ከታች ያየውን። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀን። ወላጅ ሲመጣ ገጹን ይከፍቱለታል። ጎን ለጎን የጽሕፈት ልምምድም ነው። ሥዕሉን አያርሙ። ግምቱን ደግሞ ውጤቱን ካየ በኋላ እንዲያጠፋ በጭራሽ አይፍቀዱ፤ ላጲሱን ይሰብስቡ።

ስለ ባቄላው ቃል ስለገባሁ፦ ከግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ዙሪያውን በእርጥብ ሶፍት ይሸፍኑ። ሌሊቱን ሲነከር ያደረ ባቄላ በፕላስቲኩና በሶፍቱ መካከል ያስገቡ፤ ሥሩ ይታያል። አንዱን ሃይላንድ መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ ያድርጉ። ልጆቹ «ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም» ይላሉ። ብዙ መምህራንም እንደዚያ ይላሉ። ይበቅላል። እንዲያውም ቀጥኖና ነጥቶ መስኮት ላይ ካለው ይረዝማል። ለመብቀል የሚያስፈልገው ውሃ፣ አየርና ሙቀት ነው፤ መነሻ ምግቡ ፍሬው ውስጥ አለ። ብርሃን የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ራሱን ለመመገብ ነው። አንድ ፍሬ ደግሞ ገልብጠው ያስገቡ። ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ሶፍቱ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃው አይቋጥር፤ ይሻግታል። ጊዜ ካጠረብዎት ጤፍ ይፈጥናል።

ጥንቃቄዎቹን በጥብቅ ነው የምለው። ባቄላውን ለምግብ ከሚሸጥበት ይግዙ። ቀለም የተቀባ የእርሻ ዘር በመድኃኒት ስለሚታሸት ልጅ አይነካውም። ልጆች ፍሬ ሰብስበው እንዲያመጡ ካዘዙ ጉሎና አስተናግር እንዳይነኩ አስቀድመው ያሳዩዋቸው፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ፀሐይን ቀና ብሎ ማየት ክልክል ነው፣ በአጉሊ መነጽር ደግሞ ጨርሶ። ለኤሌክትሪክ ትምህርት የባትሪ ድንጋይና ትንሽ አምፖል ብቻ ይጠቀሙ። ሶኬት አይነካም። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ማገናኘትም ያቃጥላል። የሰዓት ባትሪ የሚባሉትን ትናንሽ ክብ ባትሪዎች ክፍል ውስጥ አያስገቡ። ልጅ ከዋጣቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ ነገ እናየዋለን አይባልም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። የትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ብርማ ፈሳሽ ያለበት አሮጌ ቴርሞ ሜትር ካለ ሜርኩሪ ነው፤ ልጆች ጋ አይድረስ። ከቀሃ ወንዝ ውሃ አምጥታችሁ ከመረመራችሁ በኋላ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ለርዕሰ መምህሩ የሚነግሯቸው ይህ ነው። ለእርስዎ ክፍል ሁለት ታብሌት ይበቃል፤ አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ቻርጅ ላይ የሚቆይ ተለዋጭ። ቪዲዮዎቹ ቀድመው ይጫኑ፤ ኢንተርኔት አይጠበቅ። የቀሩት 13ቱ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ። አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ለዚያ ዕድሜ ጥሩ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቹ «ሌላ ምን እንላክ?» ካሉ ታብሌት አይጠይቁ። አጉሊ መነጽር፣ ማግኔት፣ ትናንሽ አምፖልና ፊኛ በብዛት ይላኩ። ማግኔቱን ግን እስከዚያው ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ይጠይቁ፤ ከተበላሸ ስፒከር ያወጡልዎታል። ትልቁን ይምረጡ፤ ትናንሾቹ ልጅ ሊውጣቸው ስለሚችል አይሆኑም።